ወንድሜን በስሙ ለጠራችሁልኝ

የወንድሜ አርባ ባለፈው እሑድ ወጣ። የተዋስነውን ድስትና ወንበር ለእድሩ መለስን። ቤቱ ጭር ሲል ነው ብዙ ምስጋና እንዳለብኝ ትዝ ያለኝ።

ምን እንደገደለው ቡሬ ውስጥ የማያውቅ የለም። እሱን አልተርክም።

እድራችን፣ ካህናቱ፣ ጎረቤቶቻችን፣ ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ ሌሊት ገስግሳችሁ የደረሳችሁ፣ መምጣት ባትችሉም ደውላችሁ አብራችሁን ያለቀሳችሁ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልን። ብድር መላሽ ያድርገን፤ እሱም በደስታ። የበርበሬ ነጋዴዎችም፣ የአርባውን ሒሳብ አንቀበልም ስላላችሁ አመሰግናለሁ።

አሁን ወደ እማማ ልምጣ።

እማማ፣ አንቱ ይህን አያነቡትም። ልጅዎ ያነብልዎታል ብዬ ነው። ስሜ አይነሣ ስላሉኝ አልጽፈውም። አረቄ ሻጭ መሆንዎን ግን ልደብቅ አልችልም፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነውና።

በለቅሶው ሲንሾካሾኩ ሰምቻለሁ። «የገደለችው እሷ አይደለችም? ምን ዓይን አላት መጥታ የምታለቅሰው?» ተባለ። እማማም ሰምተዋል። ንፍሮውን ሳይቀምሱ ተነሥተው ወጡ። ያን ቀን አፌን ይዤ ዝም አልኩ። ዛሬ ልናገር።

ወንድሜ መጠጥ የጀመረው በ17 ዓመቱ ነው፤ እማማ ቤትም አይደለም። የ2011ዱ አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ አይሸጥም ይላል። ለእሱ ዘግይቶ ነው የመጣው። ከመጣ በኋላስ ቢሆን በሰፈራችን መታወቂያ የጠየቀ ማን አለ?

እማማ ጋ የሄደው ሌላው ሁሉ ሲያባርረው ነው። የዳጉሳ አረቄያቸውን ቀድተው ብሩን መቀበል ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን መጀመሪያ እንጀራ ያቀርባሉ። «ሽሮዋን ሳትጨርስ መለኪያ አታይም» ይሉታል። ሲመሽ ልጃቸውን ይልኩብናል፦ «እኛ ጋ ነው፣ ተኝቷል፣ አታስቡ።» እናቴ በዚያች መልእክት ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳገኘች እኔ አውቃለሁ። ያለዚያ ባትሪ ይዘን ቦይ ለቦይ ነበር የምንፈልገው።

ደግሞም በስሙ ይጠሩታል። ሰፈሩ «ሰካራሙ» ሲለው፣ እኔም ይቅር ይበለኝና «ያ ሰውዬ መጣ» ስል፣ እሳቸው እናታችን በቁልምጫ የምትጠራውን ስም ነበር የሚጠሩት።

ልጅ ሳለ ዋሸራ ወርዶ ቅኔ ተምሯል። አልዘለቀበትም። ሲጠጣ ግን ቅኔው ይመጣበታል። እኛ «ጀመረው ደግሞ» እንላለን። እማማ ቁጭ ብለው ይሰሙታል። በመጨረሻው ሳምንት ሊቀዱለት ሲሉ መለኪያውን በእጁ ከደነው። «ይተዉኝ እማማ፣ መለኪያዬ ሞልታለች» አላቸው። ወርቁ ገብቷቸው ማድቤት ገብተው አለቀሱ። እኔ ይህን የሰማሁት በሣልስቱ ነው። በወቅቱ ብሰማው ይገባኝ ነበር? እንጃ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ለመጻፍ እጄ እምቢ ይላል። አምና በፍልሰታ አስተወዋለሁ ብዬ ቆለፍኩበት። በሁለተኛው ሌሊት አንዘፈዘፈው፣ አረፋ ደፈቀ። እኔ ስጮህ ባጃጅ ይዘው የደረሱት እማማ ናቸው። መጀመሪያ የወሰድንበት ቦታ «ሰክሮ ነው፣ ሲበርድለት ይነቃል» ብለው ኮሪደር ላይ ተዉት። እማማ አንገቱን ደግፈው «ሰው ነው እኮ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ሌላ ቦታ ወሰድነው።

እዚያ ያገኘናት ነርስ አስረዳችኝ። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በአንዴ ሲከለከል ሰውነቱ ይናወጣል። ይንቀጠቀጣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ይጥለዋል፣ ሊሞትም ይችላል። ማቆም ያለበት ሐኪም እያየው፣ በመድኃኒት ነው አለችኝ። ቁልፉ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነበር። አንዲት የወቀሳ ቃል አልወጣትም። እህቴ፣ ስምሽን እንኳ ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ሰባት ወር አልቀመሰም። ሰባት ወር! ሰከላ ሄደን ግሽ ዓባይ ጠበል ተጠመቀ። ብርዱ ጥርሱን እያንገጫገጨው ይስቅ ነበር። የሚያጠምቁት አባት «ኪኒኑንም ዋጥ፣ እሱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው» አሉት። አባታችን፣ እርስዎንም አመሰግናለሁ። ያንን ሳቅ ከዚያ በፊት መቼ እንደሰማሁት ላስታውስ ብዬ አቃተኝ። አሁን ስጽፈውም ጆሮዬ ላይ አለ…

ስማችሁን ያልጠራሁ፣ እባካችሁ አትቀየሙኝ። ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ማን ገባ፣ ማን ወጣ የምለይበት ልብ አልነበረኝም። ውኃ የቀዳችሁ፣ ሌሊት ድንኳን የጠበቃችሁ፣ እናቴን ደግፋችሁ የያዛችሁ፣ እሷ ታውቃችኋለች። የልጅነት ጓደኞቹም፣ አልጋውን በትከሻችሁ ይዛችሁ ማንንም ሳታስነኩ ቤተ ክርስቲያን አድርሳችሁታል።

እማማ፣ በሙት ዓመቱ ከእናቴ ጎን ነው የሚቀመጡት። ቦታው የእርስዎ ነው፤ እናቴም እንዲሁ ብላለች። ቅር የሚለው ካለ ከወዲሁ ይወቀው።