የቮልስ ዲናሞ አልሞላ ሲል

ውድ አባላት፣
ክረምቱን ጣና ዳር የቆመ ቮልስ ተነስቶ ቀዩ የዲናሞ መብራት አልጠፋ ካለ፣ ሬጉሌተር (የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረውን ዕቃ) ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ቺንጋውን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ከ1.5 ሳንቲሜትር በላይ ከረገበ አጥብቁት።

ቀጥሎ ከዲናሞው ላይ ዲ ፕላስ (ወፍራሙን) እና ዲ ኤፍ (ቀጭኑን) ሽቦ ፍቱ። የዲ ኤፍን ብሎን በአጭር ሽቦ ከዲናሞው አካል ጋር አገናኙ፤ ቴስተሩን በዲ ፕላስና በአካሉ መካከል ያዙ። ባለ 12 ቮልት ከሆነ፣ ሞተሩ ተነስቶ በደቂቃ 1500 ዙር ላይ 12 ቮልት ገደማ ካነበበ ዲናሞው ደህና ነው፤ ጥፋቱ ያለው ሬጉሌተሩ ወይም ሽቦው ላይ ነው። ከጥቂት ሴኮንድ በላይ ግን አታቆዩት፤ ያለ ሬጉሌተር ቮልቱ ሽቅብ ይወጣል፣ ጥቅልሉም ይቃጠላል።

ቴስተሩ ምንም ካላነበበ በዲናሞው ውስጥ የሚሽከረከረውን መዳብ እየነኩ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉትን ካርቦኖች አውጡ። አቧራና እርጥበት ቤታቸው ውስጥ አጣብቋቸው መዳቡን ሳይነኩ ይቀራሉ። የጠቆረውን መዳብ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጥረጉ።