«ማንቼ አበቃለት» ከማለታችን በፊት ሒሳቡን እንይ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ማንቸስተር ዩናይትድ በስፖርት ዓምዳችሁ የሚወጣው ጽሑፍ እዚህ ደሴ በየዲኤስቲቪ ቤቱ ከሚሰማው ክርክር ብዙም አይርቅም። ፒያሳም ሆነ ሰኞ ገበያ፣ ሀረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ቢገቡም ክርክሩ ያው ነው። የአርሴናሉ ደጋፊ «ማንቼ እኮ አሁን ተራ ቡድን ነው» ይላል። የዩናይትዱ «መጀመሪያ 20 የሊግ ዋንጫ ቁጠርና ና» ይለዋል። ይሄኔ የሊቨርፑሉ ከጥግ ብድግ ብሎ «20 እኮ እኛም አለን!» ሲል ቤቱ ይደበላለቃል። ማሳረጊያው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አሰልጣኙ ይሰደባል። እናንተም በማግስቱ ስለ አሰልጣኙ ትጽፋላችሁ።

እኔ የምለው ይህ ነው። ለረጅም ዘመን ካሰለጠነው ከፈርጉሰን በኋላ ከሞዬስ እስከ አሞሪም ስድስት ቋሚ አሰልጣኞች ተፈራርቀዋል። ችግሩ አሰልጣኝ ቢሆን ኖሮ ከስድስቱ አንዱ ባዳነው ነበር። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

መውደቁን መካድ አይቻልም። ፕሪምየር ሊጉ ከተጀመረበት እስከ 2013 ድረስ በተደረጉት 21 የውድድር ዘመናት ዩናይትድ 13ቱን ወስዷል። ከዚያ በኋላ የተሻለው ውጤቱ ሁለተኛነት ነው፤ በ2018 በ81 ነጥብ፣ በ2021 ደግሞ በ74። የ2018ቱን ሁለተኛነት የሚጠራ ደጋፊ ማንቸስተር ሲቲ በዚያው ዓመት 100 ነጥብ መሰብሰቡን አብሮ ቢጠራ ጥሩ ነው። በ2024 ስምንተኛ ሆኖ፣ ያውም በአንድ የግብ ዕዳ ጨረሰ። በ2025 ከ38 ጨዋታ 18ቱን ተሸንፎ፣ 44 ግብ ብቻ አግብቶ፣ በ42 ነጥብ 15ኛ ወጣ። ቢልባኦ ላይ የኢሮፓ ሊግ ዋንጫን የነጠቀው ቶተንሃም ራሱ በሊጉ 17ኛ የጨረሰ ቡድን ነበር። በነሐሴ ደግሞ አራተኛ እርከን ላይ ያለው ግሪምስቢ በፍጹም ቅጣት ምት 12 ለ 11 ከካራባኦ ዋንጫ (ከሊግ ካፑ) አስወጣው።

ነገር ግን የአርሴናል ወዳጆቻችን አንድ ነገር ይመዝገብላቸው። ከፈርጉሰን ስንብት እስከ 2025 ድረስ ዩናይትድ አምስት ትልልቅ ዋንጫዎች አንስቷል፤ ሁለት ኤፍኤ ካፕ፣ ሁለት የሊግ ካፕና አንድ ኢሮፓ ሊግ። አርሴናል በዚያው ጊዜ ያነሳው አራት ኤፍኤ ካፕ ነው። ታዲያ ማን ነው የወደቀው? በዋንጫ ብዛት ከሄድን ክርክሩ እንደማያልቅ ከዚህ ይታያል። ኤፍኤ ካፕ ለትልቅ ክለብ ስድስት ጨዋታ ነው። ግብ ጠባቂው ቀን ከወጣለት፣ አንድ አጥቂ ካበደ ይወሰዳል። ሊጉ ግን 38 ጨዋታ ነው፤ በጥር ወር የግራ ተከላካይህ ሲጎዳ በዚያው አጨዋወት የሚተካ ሌላ ሰው ወንበር ላይ ይጠይቃል። ዩናይትድ ያጣው ይህንን ነው፤ ያጣበት ምክንያት ደግሞ ከሜዳ ውጭ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ዕዳ ነው። የግሌዘር ቤተሰብ በ2005 ክለቡን በ790 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሲገዛ አብዛኛው ገንዘብ ብድር ነበር፤ ብድሩም የተጫነው ዕዳ ባልነበረበት ክለብ ትከሻ ላይ ነው። አንድ ሰው ፒያሳ ላይ ሱቅ ለመግዛት ተበድሮ፣ ዕዳውን ሱቁ ራሱ ከሽያጩ እንዲከፍል ቢያደርግ ማለት ነው። ሱቁ ዕቃ ቢሸጥም ጣሪያው አይጠገንም። የኦልድትራፎርድ ጣሪያም አልተጠገነም፤ ሜዳው ከ2006 ወዲህ ትልቅ ማስፋፊያ አላየም፣ በግንቦት 2024 አርሴናል አንድ ለዜሮ አሸንፎ ሲወጣ ዝናቡ ከጣሪያው እንደ ፏፏቴ ሲወርድ ዓለም አይቶታል። ፈርጉሰን ሳለ ይህ ሁሉ ተሸፍኖ ነበር።

ሁለተኛው የ2013 ክረምት ነው። ፈርጉሰንና የክለቡ ሥራ አስፈጻሚ ዴቪድ ጊል በአንድ ጊዜ ለቀቁ። ሊጉን በ11 ነጥብ ልዩነት የወሰደው ቡድን ያረጀ ነበር፤ ስኮልስ ጫማ ሰቀለ፣ ጊግስ 39፣ ፈርዲናንድ 34፣ ኤቭራ 32 ዓመታቸው ነበር። ሞዬስ ከኤቨርተን ሲመጣ የነበሩትን ረዳት አሰልጣኞች አሰናበተ። በዚያ ክረምት የመጣው ትልቅ ፈራሚ ፌላይኒ ብቻ ሲሆን የእሱም ታሪክ ብዙ ይናገራል። ከኤቨርተን የሚወጣበት የውል ማፍረሻ ዋጋው 23.5 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጊዜው አለፈ። ዩናይትድ በዝውውር መስኮቱ የመጨረሻ ቀን 27.5 ሚሊዮን ከፍሎ ወሰደው። አራት ሚሊዮን ፓውንድ ለመዘግየት! ክለቡ ስፖርቱን የሚመራ ዳይሬክተር የሾመው በ2021 ነው፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ምልመላው ባለቤት አልነበረውም ማለት ነው።

ሦስተኛው፣ ደጋፊው ከሁሉ በላይ ሊያውቀው የሚገባው፣ የዝውውር ሒሳብ ነው። አንድ ተጫዋች ሲገዛ ዋጋው በአንድ ዓመት ወጪ ሆኖ አይጻፍም፤ በውሉ ዘመን ይካፈላል። የክንፍ ተጫዋቹን አንቶኒን እንውሰድ። በ2022 ከአያክስ በ95 ሚሊዮን ዩሮ ለአምስት ዓመት ተፈረመ። 95ን ለአምስት ስናካፍል በየዓመቱ 19 ሚሊዮን ወጪ ነው። ሦስት ዓመት ቆየ፣ 57 ሚሊዮኑ ተጻፈ፣ 38 ሚሊዮን በመዝገብ ቀረ። በ2025 ለቤቲስ የተሸጠው በ22 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነው። በግርድፉ የ16 ሚሊዮን ኪሳራ ሆነ፤ ደሞዙ ገና ሳይቆጠር። «ለምን ቀደም ብለው አልሸጡትም?» ለሚለው መልሱ እዚሁ አለ። ቀደም ብለው ቢሸጡት ቀሪው ዋጋ ከዚህም ይበልጥ ነበር፣ ኪሳራው ያድጋል። ፕሪምየር ሊጉ ደግሞ በዚያ ጊዜ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ኪሳራ አይፈቅድም ነበር።

እዚህ ላይ ነው ልጆቹ የሚሸጡት። በአካዳሚ ያደገ ተጫዋች በመዝገብ ዋጋ የለውም፤ ሲሸጥ የተገኘው ሁሉ ትርፍ ሆኖ ይጻፋል። ማክቶሚናይ በ2024 በ25 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ለናፖሊ ተሸጠ፤ በመጀመሪያ ዓመቱ የጣሊያን ሊግ ዋንጫን አንስቶ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። «ጅል ሸጠው» ይባላል። ጅል አይደሉም፣ ለእነ አንቶኒ ያወጡትን ገንዘብ መዝገብ ላይ የሚሸፍን ሌላ ነገር አጥተው ነው።

አራተኛው በሜዳ ላይ የሚታየው ነው። እያንዳንዱ አሰልጣኝ ለራሱ አጨዋወት ገዛ፤ ሲባረር የገዛቸው ከነደሞዛቸው ቀሩ። ቴን ሃግ የአያክስ ልጆችን ሰበሰበ፤ ከኋላ በአራት ተከላካይ፣ በመስመር በሚሮጡ ክንፎች። በ2024 ሐምሌ ውሉ ተራዘመለት፣ በጥቅምት ተባረረ። ተተኪው አሞሪም ደግሞ በ3-4-3 (ሦስት ተከላካይ፣ አራት አማካይ፣ ሦስት አጥቂ) የሚያምን ሰው ነው። በዚህ አሰላለፍ ጥንት የምናውቀው ክንፍ ቦታ የለውም፤ ራሽፎርድ፣ ጋርናቾና አንቶኒ በአንድ ጊዜ ትርፍ ሆኑ። መስመሩን ብቻውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሮጥ ሰው ግን አልነበረም፤ በቀኝ እግሩ የሚጫወተው ዳሎት በግራ ተሰለፈ፣ አጥቂው አማድ ወደ ኋላ ተጎተተ። መሃል ላይ ሁለት ሰው ብቻ ስለሚቀር ሦስት አማካይ ይዞ የመጣ ቡድን ሁሉ ካሴሚሮን ከበበው። የአሞሪምን ዘመን ጨዋታ ስታዩ ኳሱን ትታችሁ እነዚያን ሁለት አማካዮች ብቻ አሥር ደቂቃ ተከታተሉ፤ ግቡ ከየት እንደሚመጣ አስቀድማችሁ ታውቃላችሁ።

መዳን ይቻላል ወይ? ተቀናቃኞቹ መልሰዋል። ሊቨርፑል ከ1990 እስከ 2020 ሊግ ሳያነሳ 30 ዓመት ቆየ። የተነሳው አሰልጣኙ ክሎፕ ስለመጣ ብቻ አይደለም፤ ምልመላውን የሚመራ ሰው ነበረ፣ ኩቲንዮ ለባርሴሎና የተሸጠበት ገንዘብ ቫን ዳይክና አሊሰን ሆኖ ተመለሰ። አርሴናል ከ2004 በኋላ ሃያ ዓመት ያለ ሊግ ዋንጫ አልፎበታል። አሰልጣኙ አርቴታ በ2020 እና በ2021 ስምንተኛ ወጥቶ አልተባረረም። ኦዚልና ኦባምያንግ ውላቸው ፈርሶ ወጡ፤ ሳሊባ ተገዝቶ በፈረንሳይ ሦስት ክለቦች በውሰት ከበሰለ በኋላ ነው የገባው። በዩናይትድ ትዕግሥት ኖሮ ያውቃል? ዳን አሽዎርዝን እንኳ ስፖርቲንግ ዳይሬክተር ብለው አምጥተው በአምስት ወሩ ነው የሸኙት።

ለዩናይትድ ደጋፊዎችም አንድ ነገር። ዛሬ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ የመጨረሻው ሊግ ዋንጫ ሲነሳ ፊደል ይቆጥር ነበር። ለእሱ «20 ዋንጫ» ማለት አባቱ የነገሩት ወሬ ነው። ኖቲንግሃም ፎረስትም ሁለት የአውሮፓ ዋንጫ አለው፤ በ2005 ሦስተኛ እርከን ከመውረድ አላዳነውም። የባጃጁ መስታወት ላይ የተለጠፈው አርማ ነጥብ አያመጣም።

እናንተን የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። የዝውውር ዜና ስታወጡ ዋጋውን፣ የውሉን ዘመን፣ ደሞዙንና የተጫዋቹን ዕድሜ አብራችሁ ጻፉ፤ በዚያ ቦታ አሁን ማን እንደሚጫወትና እሱ ውሉ መቼ እንደሚያልቅም ጨምሩበት። «ሊፈርም ተቃርቧል» የሚለውን ወሬ ተዉት፣ እሱን ባጃጅ ውስጥም እንሰማዋለን።

አንባቢያችሁ፣
ከደሴ