ፊሽካው የእኛ ወገን እጅ ሲገባ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ስለ አሜሪካ ምርጫና ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ የምታወጧቸውን ጽሑፎች ታክሲ ተራ ላይ ቆሜ አነባለሁ። አብዛኞቹ ነገሩን ከአንድ ወገን ነው የሚያዩት። ሐሰት የሚያሰራጨው ቀኙ ነው፣ የሚጎዳው ግራው ነው። እኔ ከዚያኛው ወገን ስለሆንኩ እስቲ የእኔንም ስሙኝ።

ወግ አጥባቂ ነኝ። በሰሜን ቨርጂኒያ የኤርፖርት ታክሲ ስነዳ 20 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሪፐብሊካንን የምመርጠው ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ፅንስ፣ ስለ ልጆቻችን ትምህርትና ስለ ግብር ባለኝ አቋም ነው። ይህን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ስናገር «አንተ ደግሞ፣ ስደተኛ ሆነህ!» የሚለኝ አይጠፋም። ቡናው ቀርቦ ወሬው ስለ ልጅ አስተዳደግ ሲሆን ግን ያው ሰውዬ ከእኔ ብሶ ያርፈዋል።

ከ2020 ልጀምር። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ኦክቶበር 14 ቀን ኒው ዮርክ ፖስት የጆ ባይደን ልጅ የሀንተር ባይደን ነው ከተባለ ላፕቶፕ የተገኙ ኢሜይሎችን አወጣ። ምርጫው ሦስት ሳምንት አልቀረውም። ኮሮና ሥራውን ገድሎት ስለነበር ተራ ላይ ሦስት አራት ሰዓት እንቆማለን። ሊንኩን በትዊተር ለአንድ ወዳጄ ልልክለት አልኩ። እምቢ አለ። ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት። አሁንም እምቢ። ኔትዎርክ መስሎኝ ከመኪና ወርጄ፣ እጄን ወደ ላይ ሰቅዬ ሞከርኩ። ጎኔ የቆመው ሾፌር «ከሰማይ ልታወርደው ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ለካ ትዊተር ሊንኩን በግል መልእክት እንኳ እንዳይሄድ ዘግቶታል።

ጋዜጣው ራሱ አካውንቱ ለሁለት ሳምንት ገደማ ተቆለፈበት። ፌስቡክ ደግሞ «እስኪጣራ» ብሎ ስርጭቱን ቀነሰው። ቀጥሎ 51 የቀድሞ የስለላ ሹማምንት ነገሩ የሩሲያን እጅ ይመስላል የሚል ደብዳቤ ፈርመው አወጡ። ማስረጃ እንደሌላቸው እዚያው ደብዳቤ ውስጥ ጽፈዋል። ግን እሱን መስመር ማን አነበበው? ላፕቶፑ የእውነት ነበር። በ2024 የፌደራል ዐቃቤ ሕግ በጦር መሣሪያ ጉዳይ በተከሰሰው ሀንተር ባይደን ላይ ሲከራከር ደላዌር ፍርድ ቤት ውስጥ ማስረጃ አድርጎ አቀረበው።

ያ ዜና እንደ ልብ ቢሰራጭ ኖሮ ትራምፕ ያሸንፉ ነበር አልልም። ትራምፕ በ2020 ተሸንፈዋል። ፍርድ ቤቶች ደጋግመው አይተውታል። ፎክስ ኒውስም ስለ ድምፅ መስጫ ማሽኖች ላስተላለፈው ሐሰት ለማሽኖቹ ሠሪ ለዶሚኒየን 787.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ይህን ስል የሚቆጡኝ የራሴ ሰዎች ናቸው፣ ይቆጡ። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ምን እንደማነብ ማን ወሰነልኝ?

አባቴ በደርግ ጊዜ የጀርመን ድምፅን የሚሰማው መስኮት ዘግቶ፣ ራዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ነበር። እኔ ልጅ ነኝ፣ በር ላይ ቆሜ ማን እንደሚመጣ አያለሁ። የቀበሌ ሰው ብቅ ካለ ማሳል ነበር ሥራዬ። ሊንኩ እምቢ ሲለኝ ያ ሳል ትዝ አለኝ። አጋንኛለሁ፣ አውቃለሁ። ትዊተር ቀበሌ አይደለም፣ ማንም ደጄን አላንኳኳም።

ደግሞ ወግ አጥባቂ ነኝ ካልኩ አንድ ነገር መዋጥ አለብኝ። የኮሎራዶው ኬክ ጋጋሪ ለግብረ ሰዶማውያን ሠርግ ኬክ አልሠራም ብሎ ተከሶ በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲፈርድለት አጨብጭበናል። ሱቁ የራሱ ነው፣ እምነቱን አታስገድዱት ብለናል። ታዲያ ለጋጋሪው የሰጠሁትን መብት ለትዊተር በምን አፌ እከለክላለሁ? ቴክሳስና ፍሎሪዳ በ2021 ትልልቆቹ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች የፖለቲካ ጽሑፍን እንዳሻቸው እንዳያጠፉ የሚከለክል ሕግ አወጡ። ጉዳዩ በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዳኞቹ መዝገቡን ወደ ታች መለሱት። ግን ኩባንያው ምን እንደሚያወጣና ምን እንደሚጥል መምረጡ ራሱ እንደ ንግግር ይጠበቃል አሉ። ወገኖቼ ተናደዱ። እኔ ፍርዱ ልክ ነው እላለሁ።

የሚያስፈራኝ መንግሥት ከጀርባ ሆኖ ሲያንሾካሹክ ነው። የፌስቡኩ ማርክ ዙከርበርግ በኦገስት 2024 ለኮንግረስ በጻፈው ደብዳቤ የባይደን አስተዳደር በ2021 ስለ ኮሮና የተጻፉ ነገሮችን፣ ቀልድ ሳይቀር፣ እንዲያነሱ ደጋግሞ እንደወተወታቸው ተናግሯል። ያኔ በግልጽ አለመናገሩ እንደሚቆጨውም ጽፏል። (ከሦስት ዓመት በኋላ መቆጨት ቀላል ነው።) ሚዙሪና ሉዊዚያና በዚሁ ጉዳይ ከሰው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሰው ነበር። ፍርድ ቤቱ ለመክሰስ የሚያበቃ ጉዳት አላሳያችሁም ብሎ 6 ለ 3 ሸኛቸው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። እኔ የምለው አጭር ነው። መንግሥት አንድ ጽሑፍ ይነሳ ካለ በአደባባይ፣ በወረቀት፣ ስሙን ጽፎ ይበል። ሪፐብሊካኑም ዲሞክራቱም።

እስካሁን የሚያነቡኝ ወግ አጥባቂዎች «በርታ» እያላችሁኝ ይሆናል። ቆዩ፣ አሁን ወደ እኛ ልመጣ ነው።

ትዊተር ጃንዋሪ 8 ቀን 2021 ትራምፕን ለዘለቄታው ሲያግድ 88 ሚሊዮን ገደማ ተከታይ ነበራቸው። የጀርመኗ መሪ አንጌላ ሜርክል፣ ትራምፕን የማይወዱት፣ ነገሩ ችግር አለው አሉ። በኦክቶበር 2022 ኢሎን መስክ ኩባንያውን በ44 ቢሊዮን ዶላር ገዛውና በወሩ ትራምፕን መለሳቸው። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል። ተራ ላይ ሻይ ጋብዣለሁ። ፊሽካው ከእነሱ ዳኛ ተቀምቶ ወደ ሜዳው መሐል የተመለሰ መሰለኝ።

ፊሽካውን ግን ሌላ ሰው ነበር የነፋው። መስክ በ2024 ምርጫ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። ወሳኝ በሚባሉት ክልሎች ቡድኑ ላዘጋጀው የአቋም ሰነድ ፊርማ ለሚሰጡ በቀን 1 ሚሊዮን ዶላር እየሰጠ ዞረ። የዲሞክራቶቹን ዕጩ የካማላ ሃሪስን ድምፅ አስመስሎ የተሠራ ቪዲዮ፣ የተፈበረከ ነው ሳይል ሼር አደረገ። ከሁሉም የሚከነክነኝ ግን በሴፕቴምበር 2024 የሆነው ነው። የትራምፕ ዘመቻ ስለ ምክትል ዕጩው ስለ ጄዲ ቫንስ ያዘጋጀው ሰነድ ተሰርቆ ወጣ። የኢራን ሰርጎ ገቦች እጅ አለበት ተባለ። አንድ ጋዜጠኛ ሰነዱን አወጣው። ያው ትዊተር፣ አሁን ስሙ ኤክስ ሆኖ፣ የጋዜጠኛውን አካውንት አገደ፣ ሊንኩንም ዘጋ። ምክንያቱ የቫንስ የግል መረጃ ሳይሸፈን ወጥቷል የሚል ነው። ይሁን፣ ምክንያት ነው። በ2020ም ለኒው ዮርክ ፖስት የተሰጠው ምክንያት የተጠለፈ ነገርና የግል መረጃ የሚል ነበር።

እኔስ ምን አደረግሁ? ምንም። ሊንኩን ለመላክ አልሞከርኩም። እጄን ሰቅዬ ኔትዎርክ አልፈለግሁም። የአባቴ መስኮትም ትዝ አላለኝም። ዜናውን አንብቤ ወደ እግር ኳሱ አለፍኩ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ሲባል ሁልጊዜ የሚታየኝ የሌላው ሰው ቁና ነበር።

በዚያው ወር የባሰም ሠርቻለሁ። ሴፕቴምበር 10 ቀን ከሃሪስ ጋር ባደረጉት ክርክር ላይ ትራምፕ ስፕሪንግፊልድ፣ ኦሃዮ የሰፈሩ ስደተኞች ውሻና ድመት ይበላሉ አሉ። ስለ ሄይቲዎች ነው ወሬው። መነሻው ፌስቡክ ላይ ከሰው ሰው እየተባለ የመጣ ነገር ነበር። የከተማው ሹማምንት አንድም የሚታመን ማስረጃ የለም አሉ። የኦሃዮ ገዥ ማይክ ደዋይንም፣ የእኛው ሪፐብሊካን፣ ውሸት ነው አሉ። ከተማው ውስጥ በቦምብ ማስፈራሪያ ትምህርት ቤቶች እስከ መዘጋት ደረሱ። ከ30 በላይ ማስፈራሪያ መጥቶ ሁሉም የውሸት ሆኖ ተገኘ።

የቦምብ ማስፈራሪያው ከመምጣቱ በፊት፣ ከክርክሩ ማግስት ጠዋት፣ አንድ ሰው በኮምፒውተር የተሠራ ፎቶ ላከልኝ። ትራምፕ ድመት አቅፈው ሲሮጡ ያሳያል። ሳቅሁ። የሾፌሮች ዋትሳፕ ግሩፕ ላይ ወረወርኩት። ከእኛ ሰዎች ሰባት ስምንት የሳቅ ምልክት መጣ። ግሩፑ የሐበሻ ብቻ አለመሆኑን ረስቼዋለሁ።

ተራ ላይ ከእኔ ሁለት መኪና ቀድሞ የሚቆም ሄይቲያዊ አለ። ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል፣ እሱም ወግ አጥባቂ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን አይቀርም። በ2020 ስልኬን ሰቅዬ ስዞር የሳቀብኝ እሱ ነው። ፎቶውን ከላክሁ ከሦስት ቀን በኋላ በመስኮቴ ጎንበስ ብሎ «ልጄ ትምህርት ቤት ድመት ትበላላችሁ ወይ ተብላ መጣች» አለኝ። አልተቆጣም። ይህንኑ ብቻ ብሎኝ ተራው ደርሶ ሄደ።

የግሩፑን መልእክት ወደ ላይ ፈልጌ አገኘሁት። ከሁሉም ስልክ ላይ ላጠፋው ብል ቀኑ አልፏል። የቀረልኝ ከራሴ ስልክ ብቻ የሚያጠፋው ምርጫ ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የታክሲ ሾፌር
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ