ከባሕር ዳር፦ ስለ ልብ ወለድህ ጨረቃ

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔና ቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ከተጻጻፍን ብዙ ክረምት አለፈ፤ አንተን ሥራና ኑሮ አዲስ አበባ አስቀርቶህ፣ እኔንም ልጆችና ማስተማር ባሕር ዳር ይዘውኝ፣ ወሬያችን በሰው በሰው ብቻ ሆኖ ቆየ። ባለፈው ወር በእህትህ እጅ የላክህልኝ የልብ ወለድ ረቂቅ ሲደርሰኝ የተሰማኝ ደስታ ከፍ ያለ ነበር። ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት፤ የጣና ዳሯን ዘጌን አብጠርጥረህ የምታውቃት መሆንህ በየገጹ ይታያል። በአራተኛው ምዕራፍ ኅዳግ ላይ በእርሳስ «ጨረቃዬ ለምን አታስፈራም?» ብለህ የጻፍኸውንም አየሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ለዚያች ጥያቄ መልስ ይሆን ዘንድ ነው።

የማምነውን በቀጥታ ልንገርህ። ጨረቃህ የማታስፈራው ሥራ ስለበዛባት ነው። የሞተውን ታስነሣለች፣ ደኅናውን ሰው ታሳብዳለች፣ ውሾቹን ታስጮኻለች፣ ምዕራፉ ሲያልቅ ደግሞ ደም ትለብሳለች። ይህን ሁሉ የምታደርግ ጨረቃ ከታሪኩ ክፉ ሰዎች አንዷ ሆና ትቆጠራለች፤ አንባቢም ክፉ ሰውን እንዴት እንደሚያመልጡት ከብዙ ታሪክ ተምሯል። እኔን በአስፈሪ ድርሰት ውስጥ የምታስጨንቀኝ ጨረቃ እጇን ሳታነሣ ሁሉን የምታይ፣ ለገዳዩም ለሟቹም እኩል የምታበራ ምስክር ናት።

የጥንት ተራኪዎች ይህን ያውቁ ነበር። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ፔትሮኒየስ በ«ሳቲሪኮን» ውስጥ አንድ ሰው ከወታደር ባልንጀራው ጋር ሌሊት ሲጓዝ ያሳየናል። ጨረቃዋ ቀትር እስኪመስል ድረስ ደምቃለች። መቃብሮች መካከል ሲደርሱ ወታደሩ ልብሱን አውልቆ መንገድ ዳር ያስቀምጥና ተኩላ ሆኖ እያላዘነ ወደ ዱር ይገባል። ልብ ብለህ እየው፤ ወታደሩን የለወጠችው ጨረቃዋ አይደለችም፤ ባልንጀራው የሚሆነውን ሁሉ አጥርቶ እንዲያይ ብቻ አበራችለት። ሌሊቱ ጨለማ ቢሆን ኖሮ ያ ምስኪን ምንም ሳያይ መንገዱን በሰላም በቀጠለ ነበር።

ጨረቃን አድራጊ ካደረጓት ደራስያን መካከል ሐኪሙ ጆን ፖሊዶሪ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1819 በታተመው «ዘ ቫምፓየር» ውስጥ ሎርድ ሩትቨን የሚባለው ደም መጣጭ መኰንን ቆስሎ ሲሞት፣ ሬሳው ከሞቱ በኋላ ለምትወጣው ጨረቃ የመጀመሪያ ቀዝቃዛ ጨረር እንዲጋለጥ አደራ ይላል፤ ከዚያም ሬሳው ከቦታው ይታጣል። ብራም ስቶከር ግን እ.ኤ.አ. በ1897 በ«ድራኩላ» ወደ ምስክርነቷ መለሳት። በቤተ መንግሥቱ ክፍል ውስጥ የሚታዩት ሦስት ሴቶች ጨረቃዋ ከኋላቸው እያበራች ወለሉ ላይ ጥላ አይጥሉም። ጨረቃዋ በዚያ ክፍል ውስጥ አንዳች ሥራ አልሠራችም፤ የጎደለውን ግን አጋለጠች። ከአስፈሪ ድርሰቶች ሁሉ ይህችን አንዲት ነገር አብልጬ እወዳታለሁ።

ሙሉ ጨረቃ ሰውን ተኩላ ታደርጋለች የሚለውን፣ ዛሬ የጥንት ሕግ የሚመስለንን ነገር፣ በዓለም ዙሪያ ያስፋፋው ሲኒማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 በወጣው «ዘ ዎልፍ ማን» ፊልም ውስጥ የሚደጋገመው ግጥም የሚናገረው ስለ አንድ መርዛም ተክል ማበብና ስለ መጸው ጨረቃ መድመቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1943 ተከታዩ ፊልም ሲወጣ ግጥሙ ተለውጦ ጨረቃዋ ሙሉ ትሁን ተባለ። ከዚያ ወዲህ ፍርሃቱ ቀጠሮ ያለው ሆነ። ከአንዷ ሙሉ ጨረቃ እስከ ሌላዋ 29 ቀን ተኩል ያህል ነውና፣ ቀኑን የሚያውቅ ሰው በሩን ዘግቶ መጠበቅ ይችላል። እኛ ደግሞ አበቅቴና መጥቅዕ እያወጡ የጨረቃን ሌሊት የሚቆጥሩ ሊቃውንት ያሉባት አገር ልጆች ነን፤ የእኛን አንባቢ በተቀጠረች ጨረቃ ማስደንገጥ ይከብዳል።

በሁለተኛው ምዕራፍህ ሌሊት ወደ ጅብነት ይለወጣል የሚባለውን ሰው ከፈረንጆቹ ሙሉ ጨረቃ ጋር አጋብተኸዋል። እባክህ አውጣው። በእኛ አገር ወሬ ያ ሰው ጨረቃን አይጠብቅም፤ ከሁሉ በላይ ግን ያ ወሬ ብረት ቀጥቅጠው፣ ቆዳ ፍቀው፣ ሸክላ ሠርተው አገሩን ባኖሩ ባለእጆች ላይ ስንት ዘመን ስድብና መገለል ያመጣ ነው፤ የአንተ ብዕር ሊያድሰው አይገባም። ስለ ጨረቃ ፍርሃት ከፈለግህ ቤታችን ውስጥ ያለው ይበቃል። ዳዊት የሚደግም ሰው ሁሉ በመዝሙር 120 ፀሐይ በቀን ጨረቃም በሌሊት እንደማይጎዱት የተሰጠውን ተስፋ በቃሉ ያውቀዋል፤ እንዲህ ያለ ተስፋ የሚሰጠው ጨረቃን ለሚፈራ ሰው ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ላይም፣ ልጁ «በጨረቃ እየተነሣበት» እሳትና ውኃ ውስጥ የሚወድቅበት አባት ተንበርክኮ ሲለምን እናነባለን። የዚያን አባት ሌሊቶች አስባቸው፤ ጨረቃዋ እየሞላች ስትሄድ ልጁን እያየ የሚቀመጥባቸውን ማለቴ ነው። ይህ ሐዘን ያለበት ፍርሃት ነው፤ ከተኩላዎቹ ሁሉ ይልቅ ለአንተ ታሪክ የሚስማማ ይመስለኛል።

ደግሞም ሕዝባችን ጨረቃን የሚወዳት መሆኑን አትርሳ። በልጅነታችን ጨረቃ ስትወጣ ከቤት ሮጠን የምንወጣው፣ «ድምቡል ቦቃ» እያልን ሜዳ ላይ የምንዞረው፣ ወላጆቻችንም ያለ ስጋት የሚለቁን ጨረቃ ስላለች ነበር። ያችው የልጅነት ጨረቃ ዘጌ ላይ ያ ሁሉ ሲሆን እንደ ወትሮዋ ደምቃ ቆማ መመልከቷ አንባቢውን ይጎዳዋል። ፊቷም ያው ነው፤ ራሷን የምትዞርበትና ምድርን የምትዞርበት ጊዜ እኩል ስለሆነ ሁልጊዜ የምታሳየን አንዱን ወገኗን ነው። የወዲያኛውን ወገን የሰው ልጅ መጀመሪያ ያየው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1959 የሶቪየቷ ሉና 3 መንኮራኩር ፎቶግራፍ ስታነሣው ነው። ገጸ ባሕርይህ በሩን ሲዘጋም፣ ሲሸሽም፣ ሲለምንም ያ ፊት ዘወር አይልለትም።

አሁን ወደ ብርሃኗ ልምጣ፤ ረቂቅህ ብዙ ያጣው እዚህ ላይ ነውና። የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ከፀሐይ ብርሃን ወደ 400,000 ጊዜ ያህል ያንሳል። በዚህ ብርሃን ዓይናችን ቅርጽን በደንብ ይለያል፤ ቀለምን ግን ያጣል፤ ቀድሞ የሚጨልመውም ቀይ ነው። አንተ በጨረቃ ብርሃን ቀይ ደም ሲፈስ አሳይተሃል። በጨረቃ ብርሃን ደም ጥቁር ነው። በጓሮዬ ቀይ ጽጌረዳ አለኝ፤ ጨረቃ በሞላች ሌሊት አጠገቡ ቆሜ ሳየው ቅጠሎቹ ወደ ግራጫ ነጥተው፣ አበባው ግን ከቅጠሉ ሁሉ ይልቅ ጠቁሮ ነበር፤ ጎንበስ ብዬ ባላሸተው ኖሮ አበባ መሆኑን አልለየውም ነበር። ሟቹን ያገኘው ልጅ ልብሱ ላይ ያለው ጥቁር እርጥበት ጭቃ መስሎት በእጁ ይጥረገው፤ እውነቱን ጎሕ ሲቀድ ይወቅ። በደብዛዛ ብርሃን ደግሞ የዓይናችን መካከል ከዳሩ ይልቅ ይደክማል። ትኩር ብለህ ያየኸው ደብዛዛ ነገር ይጠፋል፤ ዓይንህን ጥቂት ገለል ስታደርግ ይመለሳል። በዘጌ ቡና ደን ውስጥ፣ ብርሃኑ በቅጠሉ መካከል ተቆራርጦ በሚወርድበት፣ ልጁ ዛፍ ሥር የቆመ ሰው አይቶ ፊት ለፊት ሲያፈጥበት የሚጠፋ፣ ወደ መንገዱ ሲመለስ በዓይኑ ዳር የሚታይ ቢሆን፣ አንድም ተአምር ሳትጨምር አንባቢህን ታስጨንቀዋለህ።

ጣናን በተመለከተ ልታርመው የሚገባህ ነገር አለ። በአንደኛው ምዕራፍ ቀጭን ጨረቃ በእኩለ ሌሊት ከዘጌ በላይ ማጭድ ሆና ቆማለች። አዲስ የታየች ቀጭን ጨረቃ ማታ በምዕራብ በኩል ጥቂት ቆይታ ትጠልቃለች፤ እኩለ ሌሊት ላይ አትገኝም። ማጭድ ሆና መቆሟም ከሰሜን አገሮች መጻሕፍት የመጣ ሥዕል ነው፤ እኛ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ በጀርባዋ ተጋድማ፣ ሁለቱን ቀንዶቿን ወደ ላይ አድርጋ፣ የደንገል ታንኳ መስላ ትታያለች።

ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በታኅሣሥ የምትሞላው ጨረቃ ከሰሜን ምሥራቅ ትወጣና እኩለ ሌሊት ሲሆን ከአናታችን በላይ ለመድረስ ጥቂት ይቀራታል። ከዘጌ ሆኖ ለሚያይ ደግሞ ከውኃው ማዶ ነው የምትወጣው። እኩለ ሌሊት ላይ የቆመ ሰው ጥላ እግሩ ሥር ተሰብስቦ የሌለ ያህል ይሆናል። የስቶከርን ሴቶች አስታውስ። በጣና ዳር በታኅሣሥ እኩለ ሌሊት ሁሉም ሰው ጥላ የሌለው ይመስላል፤ ከመካከላቸው በእውነት ጥላ የሌለው ማን እንደሆነ የሚለየው ጨረቃዋ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ነው። ጀልባ ጠባቂዎቹ በአንድ ላይ ተቀምጠው ያችን ሰዓት የሚጠብቁበት ምዕራፍ ብትጽፍ እንዴት ያለ ምዕራፍ ይሆን ነበር!

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን በውኃው ላይ የሚዘረጋው የጨረቃ መንገድ ነው። ጨረቃ ከሐይቁ በላይ ዝቅ ብላ ሳለች ብርማ ጎዳና ከአድማሱ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ እስከ እግርህ ይመጣል። ወደ ቀኝ ብትሄድ አብሮህ ይሄዳል፤ ብትሮጥ ይሮጣል። አንድ ምሽት እኔ ከዳሩ ቆሜ ወንድሜ ራቅ ብሎ ሳለ፣ መንገዱ ወደ ማን እንደሚመጣ ተጠያየቅን፤ እኔም ወደ እኔ ነው አልሁ፣ እሱም ወደ እኔ ነው አለ፤ ሁለታችንም እውነት ተናግረናል። ሞገዱ የጨረቃን ብርሃን በየአቅጣጫው ይበትነዋል፤ ወደ እያንዳንዱ ዓይን የሚደርሰው ግን በዚያ ዓይንና በጨረቃዋ መካከል ካለው መስመር የሚነሣው ነው። በታሪክህ ውስጥ ሁለቱ ወንድማማቾች የአባታቸውን ሞት እርስ በርስ የሚደባበቁ ናቸው። በዳሩ ላይ ተራርቀው ሲቆሙ እያንዳንዱ መንገዱ ወደ እሱ ብቻ እንደሚመጣ ያያል፤ ለሌላው መናገር ግን አይችልም፣ መናገር ጥፋትን ማመን ይመስለዋልና። ሸሽተው ወደ ደኑ እስኪገቡ ድረስ ሐይቁ ሁለቱንም ለየብቻ ይከተላቸዋል። ይህን ትዕይንት የትም አገር ደራሲ ሊጽፈው ይችላል፤ ጣና ዳር ያደገ ሰው ግን ስንት ምሽት ስላየው ይበልጥ ያውቅበታል።

ጨረቃ የሌለችበትን ሰዓትም አትናቅ። ሙሉ ከሆነች በኋላ በየዕለቱ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ትወጣለች፤ ስለዚህ በፀሐይ መጥለቅና በጨረቃ መውጣት መካከል በየማታው የሚረዝም ጨለማ ይፈጠራል። እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 2009 ከ1,000 በላይ ሰዎች በአንበሳ በተጠቁባት በታንዛኒያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ ጥቃቱ የሚበዛው ሙሉ ጨረቃ ካለፈች በኋላ ባሉት ቀናት፣ በምሽቱ የጨለማ ሰዓቶች እንደሆነ አሳይቷል። በደማቆቹ ሌሊቶች አደን የከበደው አንበሳ ተርቦ ይጠብቃል ማለት ነው። በጣና ዳር አንበሳ የለም፤ ከዓባይ መውጫ አካባቢ ግን ጉማሬው ሊግጥ የሚወጣው ሌሊት ነው፤ በዚያ የሚመላለስ ሰው ሁሉ ጨረቃ ሳትወጣ ወደ ውኃው ዳር መቅረብን ይፈራል። ወንድማማቾችህ ጨረቃ እስክትወጣ የሚጠብቁባትን ሰዓት አስረዝማት።

ስለ ቀይዋ ጨረቃ ብዙ አልልም። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. እንደሆነው በግርዶሽ ጊዜ ጨረቃ የምትቀላው የፀሐይ ብርሃን በምድር ከባቢ አየር ጠርዝ ተጣጥፎ ቀዩ ብቻ ስለሚደርሳት ነው። ከነቢዩ ኢዩኤል ጀምሮ የሚያስፈራ ምልክት ስለሆነች በድርሰትህ አንድ ጊዜ፣ ያውም ወደ መጨረሻው ብትመጣ ይበቃታል።

እንግዲህ አራተኛውን ምዕራፍ እንደገና ጽፈህ ላክልኝ፤ ከቀድሞው ረቂቅ የአባትየውን የመጨረሻ ንግግር አንድም ቃል እንዳትነካው። ሥራ ከፈቀደልህ ደግሞ በታኅሣሥ ጨረቃ በምትሞላበት ሳምንት ና፤ ጀልባ ይዘን ዘጌ እንሻገርና ወንድማማቾቹን የምታቆምባቸውን ሁለት ቦታዎች አብረን እንመርጣለን። ለእማማ ጉልበትሽን ስሟል በልልኝ፤ ለእህትህም ረቂቁን ስላደረሰችልኝ ምስጋናዬን ንገራት።

አክባሪ ወንድምህ፣
ከባሕር ዳር