«ለምጄዋለሁ» ስለሚባለው የእንቅልፍ እጦት

ክቡር አዘጋጅ፤

በጋዜጣችሁ የትጉህ ሰዎች ታሪክ ሲቀርብ «በቀን ከአራት ሰዓት በላይ አይተኛም» የሚለው አነጋገር እንደ ሙገሳ ሲደጋገም አነባለሁ። በበጎ ታስቦ እንደሚጻፍ ባውቅም፣ እንቅልፍን ብርቱ ሰው እንደ ፈቀደው የሚቀንሰው ቅንጦት አስመስሎ ስለሚያቀርበው ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ለብዙ ዓመታት የአዳር ተረኛ ነርስ ነበርሁ። ቀን በቅጡ ሳልተኛ ሌሊቱን እየሠራሁ «ሰውነቴ ለምዶታል» ስል ቆየሁ። አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል የታካሚ መድኃኒት መጠን ስመዘግብ፣ ብዕሬ ከጻፍሁት ቁጥር ተነሥቶ እስከ ወረቀቱ ግርጌ የወረደ ጠማማ መስመር አስምሮ አገኘሁት። ማሸለቤን የነገረኝ ያ መስመር ነው እንጂ፣ እኔስ ነቅቼ የምጽፍ ነበር የመሰለኝ።

የእንቅልፍ እጦት ትልቁ ክፋት ይህ ይመስለኛል፤ ጉዳቱን መመዘን የሚገባውን አእምሮ ራሱን አስቀድሞ ያደነዝዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ጤናማ ጎልማሶችን ለ14 ሌሊት ስድስት ሰዓት ወይም ከዚያ ያነሰ ብቻ እያስተኛ ሲፈትናቸው፣ ትኩረታቸውና የማስታወስ ችሎታቸው ከቀን ወደ ቀን እያሽቆለቆለ ሄዶ፣ እስከ ሁለት ሌሊት ዓይኑን ሳይከድን ካደረ ሰው ጋር የሚስተካከል ሆኖ ተገኝቷል። ተፈታኞቹ ግን የጉዳታቸውን ያህል ድካም አልተሰማቸውም። «ለምጄዋለሁ» የሚባለው እንግዲህ ይኸው ነው። በተፈጥሯቸው ጥቂት እንቅልፍ የሚበቃቸው ሰዎች አሉ፣ ቁጥራቸው ግን እጅግ አነስተኛ ነው፤ ይሁንና ራሱን ከእነርሱ ወገን የማይቆጥር የአዳር ባልደረባ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ነገሩ በአእምሮ ብቻ አያበቃም። ጤናማ ወጣቶች ለስድስት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ሲደረግ ሰውነታቸው ስኳርን የመጠቀም አቅሙ እንደሚዳከም እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ጥናት ታይቷል። ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን ሊጨምር፣ መጥገብን የሚያሳውቀው ሌፕቲን ደግሞ ሊቀንስ ይችላል። በእንቅልፍ ሰዓት ዝቅ ማለት የሚገባው የደም ግፊትም ያን ዕረፍት ለዓመታት ሲያጣ ልብንና የደም ሥሮችን ይጎዳል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ መንገዱ ነው። 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የሥራ ብቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይቀራረባል፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አሽከርካሪ ለአራት ሰከንድ ቢያሸልብ፣ መኪናው ከ110 ሜትር በላይ ያለ ሾፌር ይጓዛል። ጠጥቶ የሚነዳውን ሁላችንም እናወግዘዋለን፤ ሁለት ፈረቃ ደርቦ መሪ የሚጨብጠውን ግን «ጎበዝ» እንለዋለን።

ስለዚህ ያን ሙገሳ እንድትተዉት በአክብሮት እጠይቃለሁ። መጻፉ ግድ ከሆነ ደግሞ፣ ስለ ባለታሪኩ ንቃት የሚመሰክረው እርሱ ብቻ አይሁን፤ አብረውት የሚሠሩትንና ከጎኑ ተቀምጠው በመኪናው የሚሄዱትንም ጠይቁልን።

ከአክብሮት ጋር፤
አንዲት የቀድሞ የአዳር ተረኛ