ደብዳቤ ለልጄ፦ ክንፍሽን ስለሚይዙልሽ ሰዎች

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ለክልላዊው የግላይደር (ያለ ሞተር የሚንሳፈፍ አውሮፕላን) ውድድር መመዝገብሽን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ስለ በረራው አሠልጣኞችሽ ይበቁሻል። እኔ የምጽፍልሽ መሬት ላይ ስለሚቀሩት ሰዎች ነው። ክልላዊ ውድድር ደመወዝተኛ የለውም ማለት ይቻላል። ገመድ የሚያነሣው፣ ክንፍ የሚይዘው፣ ነጥብ የሚያሰላው፣ ማታ ስልክ ሥር የሚቀመጠው አብዛኛው በጎ ፈቃደኛ ነው። ብዙዎቹ ራሳቸው አብራሪዎች ናቸው፤ ያንን ሳምንት ሌላው እንዲበርር ብለው መሬት ላይ ለመቆም የመረጡ ናቸው። እነዚህን ሰዎች የሚያስደስታቸው ሥራቸውን የሚያቀልል ምስጋና ነው፤ ለዚያ ደግሞ እያንዳንዱ ምን እንደሚሠራና ሥራው የት ላይ እንደሚበላሽበት ማወቅ አለብሽ።

ስፖርቱ ከጥንቱም በሰው ጉልበት የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ኦስካር ኡርሲኑስ በጀርመን ዋሰርኩፐ ተራራ ላይ የመጀመሪያውን የሮን የግላይደር ውድድር ሲያዘጋጅ ቮልፍጋንግ ክሌምፐርር የተነሣው በጎማ ገመድ ነበር። ገመዱ የግላይደሩ አፍንጫ ላይ ይጠለፋል፤ ሰዎች ግራና ቀኝ ጫፉን ይዘው ቁልቁል ይሮጣሉ፤ ሌሎች ጭራውን ጨብጠው ይቆያሉ፤ ገመዱ በደንብ ሲወጠር ጭራው ይለቀቃል። ዛሬ ሞተሩ የጎታች አውሮፕላኑ ቢሆንም ያለ ሰው እጅ አንድም ግላይደር አይነሣም።

ከሁሉ ቀድመው የሚነሡት የአየር ሁኔታ ተንባዩና መስመር አውጪው ናቸው። ተንባዩ የማለዳውን የላይኛው አየር ልኬት አይቶ መሬቱ ስንት ዲግሪ ሲደርስ ተርማል፣ ግላይደሩን ሽቅብ የሚያነሣው ሞቃት አየር፣ እንደሚጀምር ያሰላል። የደመናውን ግርጌ ለመገመት በአየሩ ሙቀትና በጤዛ ነጥቡ (እርጥበቱ ወደ ጠብታ በሚቀየርበት ሙቀት) መካከል ያለውን ልዩነት በ125 ሜትር ያባዛል፤ ሙቀቱ 28፣ የጤዛ ነጥቡ 12 ዲግሪ ከሆነ ልዩነቱ 16 ነው፤ ግርጌው ከመሬት 2000 ሜትር ገደማ ላይ ይሆናል። መስመር አውጪው ከዚህ ተነሥቶ ርቀት ይወስናል። ሦስት ሰዓት ጥሩ አየር ተጠብቆ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ቢገመት 240 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ሂሳቡ ቀላል ነው። የሚከብደው መስመሩ የተከለከለ የአየር ክልል እንዳይነካ፣ ሁለት የግላይደር ምድቦች ፊት ለፊት እንዳይገጣጠሙ፣ የሚመለሱት በሚነሡት ላይ እንዳይመጡ፣ የመጨረሻው ጉዞ ማረፊያ በሌለው ጫካ ላይ እንዳያልፍና የምድቡ ዘገምተኛ ግላይደርም እንዲጨርሰው ማድረጉ ነው። አየሩ ከከዳ የሚወጣ ሁለተኛ አጭር መስመርም አብሮ ይዘጋጃል። ሰልፍ ላይ እያለሽ መስመሩ ቢቀየር አታጉረምርሚ፤ አዲሱን መስመር መሣሪያሽ ላይ አስገቢና እያንዳንዱን መዞሪያ ነጥብ ከወረቀቱ ጋር አመሳክሪ። የጠዋቱን መስመር ሳያጠፉ ተነሥተው የተሳሳተ ቦታ ዞረው የሚመለሱ አሉ፤ ማታ ጭቅጭቁ የሚያርፈው ነጥብ አስሊው ላይ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ፍተሻ ላይ ብዙ አልቆይም። የብቃት ምስክር ወረቀት፣ ኢንሹራንስ፣ ፓራሹትሽ የታጠፈበት ቀን፣ የበረራ መቅጃው የልኬት ማረጋገጫ፣ ሁሉንም በአንድ ማህደር አድርገሽ ሂጂ። ሚዛን ላይ የቆመውን ሰው ግን አትሰልቺው። ክብደት እንዲጨምር ውሃ የጫነ ግላይደር ከአንድ ከፍታ የሚንሸራተተው ርቀት ሳይቀንስ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ ክብደት ነጥብ ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ የክንፉ ርዝመት 15 ሜትር የሆነው ምድብ ጣሪያው 525 ኪሎ፣ የ18 ሜትሩ 600 ኪሎ ነው፤ ያንቺ ውድድር የራሱ ደንብ ካለው እሱን አንብቢ። አንድ ጊዜ ከተመዘንሽ በኋላ ምንም አትጨምሪ።

አሁን ግላይደሮቹ ለመጎተት ተራ ወደሚጠብቁበት ሰልፍ ልምጣ። የሰልፉ አለቃ ችግር ጊዜ ነው። 40 ግላይደር በ5 ጎታች ቢነሣ ለእያንዳንዱ ጎታች 8 ጉተታ ይደርሰዋል፤ አንዱ ጉተታ ወጥቶ እስኪመለስ 7 ደቂቃ ቢፈጅ 56 ደቂቃ ይሆናል። የመነሻ መስመሩ፣ አየር ላይ ውድድሩ የሚጀመርበት፣ የሚከፈተው የምድቡ የመጨረሻው ግላይደር ከተነሣ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው፤ ይህም ፊት የወጣው ኋላ ከወጣው ብልጫ እንዳያገኝ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ካኖፒው (የመቀመጫው መስታወት ክዳን) ተከፍቶ ኮፍያውን ሲፈልግ የሚያጠፋው ሦስት ደቂቃ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ጎታቹ ሞተሩን እያጋለ ይጠብቃል፣ የኋላው ሰልፍ ይቆማል፣ የሁሉም መነሻ ይገፋል። ሦስት ግላይደር ሲቀርሽ ታጥቀሽ፣ የበረራ ፍተሻሽን ጨርሰሽ፣ ሬዲዮሽን ከፍተሽ ተቀመጪ። ካልደረስሽ ራስሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ወደ ጎን ገፍተው ኋላ ያስገቡሻል፤ በዚህ የሚቀየም የለም።

ከሁሉም በላይ ልብ እንድትዪው የምፈልገው ክንፍ ያዡን ነው። ብዙ ጊዜ ገና በረራ የሚማር ልጅ ነውና ሰው አያስተውለውም። ግን ከመነሣትሽ በፊት ግላይደርሽን ከውጭ የሚያየው የመጨረሻው ሰው እሱ ነው። የጭራው ጋሪ (መሬት ላይ ለመግፋት ጭራው ሥር የሚታሰረው ጎማ) መውለቁን፣ ካኖፒው መቆለፉን፣ የክንፍ ፍሬኑ (ክንፉ ላይ ተከፍቶ ግላይደሩን ዝቅ የሚያደርገው) መዘጋቱን፣ ከኋላ ለማረፍ የሚመጣ አለመኖሩን ያያል። የጭራ ጋሪ ክብደቱ ጥቂት ኪሎ ነው፤ ነገር ግን የሚቀመጠው ከክብደት ማዕከሉ ርቆ ጭራው ጫፍ ላይ ስለሆነ ሚዛኑን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ግላይደሩ አፍንጫውን ሽቅብ ይሰቅልና ለመሪው አልታዘዝ ይላል። በዚህ ምክንያት ሰው ሞቷል። ሲሮጥም ዘዴ አለው፤ ክንፉን ደልደል አድርጎ፣ ሳይገፋም ሳይጎትትም አብሮ ይሄዳል። ጥቂት እንኳ ወደ ኋላ ቢይዘው ግላይደሩ ወደዚያ ጎን ይዞራል፤ ፍጥነቱ ገና ዝቅተኛ ስለሆነ በመሪ አታቃኚውም፤ ክንፉ ሣር ነክቶ ግላይደሩ ባለበት ይሽከረከራል። ለዚህ ነው እጅሽ ከቢጫው የገመድ መልቀቂያ መራቅ የሌለበት፤ ክንፉ መሬት ከነካ ወዲያው ልቀቂ።

ያ ልጅ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ «ቁም!» ካለ፣ የተሳሳተ ቢመስልሽም ገመዱን ልቀቂ። ከዚያ ውረጂና ያየው ነገር ምን እንደሆነ በእርጋታ ጠይቂው። ተሳስቶ ከሆነ ይበልጥ አመስግኚው። በስሕተት አስቆመ ተብሎ የተቆጡት ክንፍ ያዥ በማግስቱ እውነተኛ አደጋ ሲያይ እጁን ለማንሣት ሁለት ሰከንድ ያመነታል።

የገመዱ ኃላፊም አለ። የመጎተቻው ገመድ ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ሜትር ነው። አስፋልት ላይ ሲጎተት ይፋቃል፤ ሲጠማዘዝ ቋጠሮ ያበጃል፤ ቋጠሮ የገመዱን ጥንካሬ በግማሽ ያህል ሊቀንሰው ይችላል። ስለዚህ በየጠዋቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጁ እየዳሰሰ ያየዋል፤ ቀለበቶቹ መበላታቸውን ይመለከታል። ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገው ማያያዣ፣ ኃይሉ ከልክ ሲያልፍ እንዲበጠስ የተሠራው፣ ከአውሮፕላኖቹ መመሪያ ጋር መስማማቱንም የሚያረጋግጠው እሱ ነው። ቶስት የተባለው አምራች ማያያዣዎች በቀለም ይለያሉ፤ የሚበጠሱበት ኃይል የሰማያዊው 600፣ የነጩ 500 ዲካኒውተን ነው። ያንቺ ግላይደር የሚፈቅደውን በቃልሽ ያዢውና ሲጠይቅሽ ሳታስቢ መልሺለት።

ጎታች አብራሪዎቹ ሙቀት ውስጥ ያንኑ ዙር ይደጋግማሉ። ብዙ ቦታ የሚያበርሩት ፓይፐር ፓውኒ መጀመሪያ ለእርሻ መድኃኒት መርጫ የተሠራ አውሮፕላን ነው፤ ምቾት የሚባል የለውም። አንቺን ወደ 600 ሜትር ገደማ አድርሰው ሲመለሱ ቀስ ብለው የሚወርዱት በአየር የሚቀዘቅዘው ሞተር ኃይሉ ባንድ ጊዜ ሲቆረጥ ሲሊንደሩ እንዳይሰነጠቅ ብለው ነው። ለማረፍ ከፍ ብለው የሚገቡትም ገመዱ ከኋላቸው ተንጠልጥሎ አጥር ወይም ሰው እንዳይመታ ነው፤ በዚያ መንገድ ሥር አትቁሚ። ዋናው ስጋታቸው ግን አንቺ ነሽ። ከኋላቸው ሽቅብ ካመለጥሽ ገመዱ ጭራቸውን ያነሣና አፍንጫቸው ወደ መሬት ይደፋል፤ ይህ የሚሆነው በጥቂት ሰከንድ ነው፤ ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ ከሆነ መመለሻ የላቸውም። ጎታቹ ከዓይንሽ ከጠፋ አትፈልጊው፤ ገመዱን ልቀቂ። የጭራ መሪውን ግራ ቀኝ ካወዛወዙልሽ የክንፍ ፍሬንሽ ተከፍቷልና ዝጊ ማለታቸው ነው፤ ክንፋቸውን ካወዛወዙ ግን ወዲያው ልቀቂ ማለት ነው። ሁለቱን ያምታታ አብራሪ መዝጋት ሲገባው ይለቅቅና ፍሬኑ እንደተከፈተ ዝቅ ብሎ ይቀራል። ውሃ ከጫንሽ የምትፈልጊውን የጉተታ ፍጥነት ከመነሣትሽ በፊት ንገሪያቸው፤ አየር ላይ በሬዲዮ መለማመጥ ለሁለታችሁም አይበጅም።

ሁሉ ተሰልፎ እያለ የውድድሩ ዳይሬክተር አየሩን ለመፈተሽ አንድ ግላይደር ብቻ ያስነሣል። ያ ግላይደር ከፍታውን ጠብቆ መቆየት ካልቻለ ሰልፉ ይጠብቃል፤ ቀኑም ሊሰረዝ ይችላል። ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሞ «ዛሬ የለም» መባል ያናድዳል፤ ነገር ግን ሠላሳ ሰው ባንድ ጊዜ ማሳ ላይ ከሚበተን ይሻላል፤ ይህን ውሳኔ የወሰነውን ሰው ሰላም ብለሽ እለፊው።

ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው የቁጥጥር ጠረጴዛው ሥራ ነው። እዚያ የተቀመጠችው ሴት ዝርዝሩን ይዛ የእያንዳንዱን ግላይደር መመለስ ምልክት ታደርጋለች። አንድ ስም ባዶ ከቀረ ስልክ ትደውላለች፤ የፍላርም (የግጭት ማስጠንቀቂያ መሣሪያ) ምልክቱ በመጨረሻ የታየበትን ቦታ ትፈልጋለች፤ ካልተገኘ ለፍለጋና ነፍስ አድን ታሳውቃለች። ሌላ ሜዳ ላይ አርፈሽ ወይም ግላይደርሽ ረዳት ሞተር ካለው በእሱ ወደ ቤትሽ ተመልሰሽ ሳትናገሪ ብትቀሪ ያ ሁሉ ሥራ ይጀመራል። ማሳ ላይ ስታርፊ የምትልኪው መልእክት አጭር ይሁን፦ የግላይደርሽ ምልክት፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ግላይደሩ ደህና ነው ወይም እዚህ ተጎድቷል፣ መጋጠሚያው (የቦታው ኬክሮስና ኬንትሮስ)፣ ግላይደሩን የሚጭነው ተሳቢ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ባለማሳውን እንዳነጋገርሽ። መጋጠሚያውን ስትልኪ አጻጻፉን ለይተሽ ተናገሪ። 45.30 ዲግሪና 45 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው 45 ዲግሪ ከ18 ደቂቃ ነው። በኬክሮስ 12 ደቂቃ መሳሳት 22 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በጨለማ ተሳቢ እየጎተተ የሚፈልግሽ ሰው ሌላ ቀበሌ ይገባል።

ነጥብ አስሊው የሚተኛው ከሁሉም በኋላ ነው። የበረራ መቅጃሽ ፋይል በየጥቂት ሰከንዱ የነበርሽበትን ቦታና ከፍታ ይይዛል፤ አለመነካካቱን የሚያረጋግጥ ዲጂታል ፊርማም አለው። ነጥብ አስሊው የመነሻ መስመሩን ያለፍሽበትን ሰዓት፣ 500 ሜትር ራዲየስ ያለውን የመዞሪያ ክብ መግባትሽን፣ የተከለከለ የአየር ክልል አለመንካትሽን ያያል፤ ከዚያ የግላይደርሽን ማካካሻ (የግላይደሮችን የአቅም ልዩነት የሚያመጣጥን ቁጥር) አስልቶ ቢበዛ 1000 ከሚሆነው የቀኑ ነጥብ ያንቺን ያወጣል። የአንድ ሰው ፋይል ከዘገየ የማንም ውጤት አይጸናም፤ የአሸናፊው ፍጥነት ተቀየረ ማለት የሁሉም ነጥብ ተቀየረ ማለት ነውና። ካረፍሽ በኋላ ከመታጠብሽ በፊት ፋይሉን አስረክቢ። ፋይሉን የዛሬው መሆኑን ሳታዪ አትላኪ፤ የትናንቱን የሚልኩ ብዙ ናቸው። ውጤቱ «ጊዜያዊ» ተብሎ ሲለጠፍ ተመልከቺው፤ ስሕተት ካየሽ በደንቡ ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ፣ የመዞሪያውን ስምና ሰዓቱን ጠቅሰሽ አመልክቺ። ሌሊት ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው ዘንድ ገብቶ መጮህ ነውር ነው።

በመጨረሻው ቀን ከሽልማቱ በኋላ አትሩጪ። ያዋሱሽን መከታተያ መልሺ፣ ያሰርሽበትን ካስማ ነቅለሽ ውሰጂ፣ የወደቀ ቴፕ ካየሽ ለቅመሽ ሂጂ፤ ካስማ ሣር ውስጥ ከቀረ በማግስቱ የሚያርፈውን ጎማ ይበሳል። በሚቀጥለው ውድድር ደግሞ በአንዱ ቀን ከመብረር ይልቅ ለማገልገል ተመዝገቢ። በገመድ ጀምሪ፤ ሰልፉ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ከሁሉ ቶሎ የሚያሳይሽ እሱ ነው። ጓንትና ጠርዙ ሰፊ ባርኔጣ ይዘሽ ሂጂ። የምትመጪበትን ቀን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪያቸው፤ «ካስፈለገ እመጣለሁ» የሚል ሰው ሥራ ለሚመድበው አለቃ አይመችም።

እናትሽ