ጉዳዩ፦ ልጆቻችን ውድ ዕቃ ሲጥሉ በቤት ስለምንሰጠው ምላሽ

ቀን፦ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.
ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ለሚማሩ ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፤

ትምህርት ከተጀመረ ገና ሦስተኛ ወሩ ቢሆንም ከቢሮዬ አጠገብ ያለው የጠፉ ዕቃዎች ቁም ሣጥን ከወዲሁ ሞልቶ አልዘጋ ብሏል። ባለፈው ዓርብ ከጸሐፊያችን ጋር ስናራግፈው አሥራ አራት የደንብ ልብስ ሹራብ፣ አራት ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር፣ ሁለት የዓይን መነጽር፣ የአንድ ጆሮ ኤርፖድ፣ እንዲሁም የዋጋ ወረቀቱ ከሶሉ ሥር ያልተላጠ የአንድ እግር ስኒከር አገኘን። የስኒከሩ ባለቤት የዚያን ዕለት ቤቱ እንዴት እንደገባ እስካሁን ሊገባኝ አልቻለም። ከእነዚህ ሁሉ ጠያቂ የመጣለት አንድ ካልኩሌተር ብቻ ነው።

የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ ዕቃው ከጠፋ በኋላ በዚያው ምሽት ቤት ውስጥ የሚሆነው ነው። በማግስቱ ወደ ቢሮዬ የሚመጣው ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ ወይ አዲሱን ዕቃ ገዝቶ በከረጢት ይዞ ነው፣ ወይም ልጁን በክንዱ እየጎተተ «እናንተ ቅጡልኝ» እያለ ነው። ሁለቱም ልጁን ከጠፋው ዕቃ ጋር ሳያገናኙት ያልፋሉ ብዬ አምናለሁ፤ የመጀመሪያው ጉዳቱን ከልጁ ይሰውርበታል፣ ሁለተኛው ደግሞ ልጁ ስለ ዕቃው ማሰቡን ትቶ ስለ ቁጣው ብቻ እንዲያስብ ያደርገዋል።

በአንድ ዓመት ውስጥ ለልጃቸው ሦስተኛውን ስማርት ስልክ የገዙ እናት ቢሮዬ ቁጭ ብለው፣ «ምን ላድርግ፤ መሽቶበት ታክሲ ሰልፍ ላይ ሲሆን ካልደወለልኝ ሐሳብ ይገለኛል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ልጆች አሉኝ። ነገር ግን ልጁ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ስልኩ ለእናቱ ዕረፍት የተገዛ መሆኑን፣ በጠፋም ቁጥር እናቱ ሳይውሉ ሳያድሩ ለመተካት እንደሚገደዱ ስለተረዳ፣ ስልኩ በእጁ ይኑር እንጂ የእርሱ ዕቃ ሆኖ አያውቅም። ከተመካከርን በኋላ እኒህ እናት ለመደወልና መልእክት ለመላክ ብቻ የሚያገለግል ባለ ቁልፍ ስልክ ገዙለት። ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት ስልኩ ሲጠራ ከክፍል ጓደኞቹ ዞር ብሎ፣ በሹራቡ እጅጌ ሸፍኖ ነበር የሚያነሣው። እናትየው ግን ሐሳባቸው ቀለለላቸው፤ ስማርት ስልኩ መቼና እንዴት ይመለስ የሚለውም ልጁ ራሱ መልስ የሚፈልግለት ጥያቄ ሆነ።

ቁጣን በተመለከተ፣ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የተጠበቁ መሆናቸውን ስለሚደነግግ፣ «ቅጡልኝ» የሚለውን ጥያቄ በዱላ ልንመልስ እንደማንችል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያለ ዱላም ቢሆን ማዋረድ የሚያስከትለውን ከራሴ ጥፋት ተምሬአለሁ። አምና በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ካልኩሌተር የጣለ የ10ኛ ክፍል ተማሪን በጠዋቱ የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ስሙን ጠርቼ ወቀስኩት። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እኔም ያስተማርኩ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ባሉት አምስት ሳምንታት በጠፋ ዕቃ መዝገባችን ላይ አንድም ስም አልተጻፈም። ነገሩ የተስተካከለ መስሎኝ ስደሰት እውነቱን የነገሩኝ የበር ጥበቃችን ናቸው፤ ልጆቹ ለእኛ ማመልከቱን ትተው እርስ በርስ እየተዋዋሱ በዝምታ ያሳልፉት ኖሯል። ያንን ልጅ በዚያው ሰልፍ ፊት ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ቤት ውስጥም ፍርሃት የሚያመጣው ይኸንኑ መደበቅ ነው፤ መደበቅ ደግሞ ከዕቃው ዋጋ በላይ ሊያስከፍል ይችላል። ሰኞ ስልኳ የጠፋባት አንዲት ተማሪያችን አባቷን ፈርታ እስከ ሐሙስ ሳትናገር ቆየች። በመካከሉ ስልኩን ያገኘው ሰው በእርሷ ቴሌግራም ለዘመዶቿ «ቸግሮኝ ነው፣ ቶሎ ላኩልኝ» እያለ ጽፎ ኖሮ፣ አያቷ ሦስት ሺህ ብር በቴሌብር ልከዋል። ሰኞ ማታ ብትናገር ኖሮ ወደ 994 ተደውሎ ሲም ካርዱ ይዘጋ፣ ዘመድም ይነገረው ነበር። ስለዚህ ልጃችሁ «ጠፋብኝ» ብሎ ሲመጣ የመጀመሪያው ቃላችሁ «የት ነበርክ? መቼ አየኸው? ሲሙን አዘግተሃል?» የሚል ቢሆን፣ ወቀሳው ለነገ ቢያድር የሚጎድልበት ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሩጫ ለልጁ ተዉለት ብዬ እለምናችኋለሁ። የስልኩን አሥራ አምስት አኃዝ መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ላይ ፈልጎ ይገልብጥ፤ ለፖሊስ ማመልከቻውን ራሱ ይጻፍ፤ ሲሙ በስማችሁ የወጣ ከሆነ መታወቂያችሁን ይዛችሁ አብራችሁት ሂዱ፣ ወረፋውን ግን እርሱ ይቁም። ግማሽ ቀን አገልግሎት ማዕከል ተሰልፎ የዋለ ልጅ ስልኩን ከኋላ ኪሱ አድርጎ ታክሲ ውስጥ ሲጋፋ ሁለት ጊዜ ያስባል። በነገራችን ላይ የመለያ ቁጥሩ ስልኩ ሳይጠፋ ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ሲደወል ይታያልና፣ ዛሬ ማታ እራት ላይ አስደውላችሁ ደብተር ላይ ብታስጽፉት መልካም ነው።

የሚተካው ዕቃ ዋጋ ላይም ልጁ ድርሻ ሊኖረው ይገባል። ልጆቻችን የዕቃን ዋጋ የማያውቁት ስላልነገርናቸው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር ማለፉን እኛ በየሱቁ ተምረነዋል፤ የ9ኛ ክፍል ልጅ ግን የያዘውን ስልክ ዛሬ ለመተካት ስንት እንደሚጠየቅ ሱቅ ገብቶ ካልጠየቀ አያውቀውም። አክስቱ ከዓረብ አገር የላከችለት ስልክ ከሆነማ ጭራሽ ዋጋ ያለው አይመስለውም። ደውላችሁ ከእርሷ ጋር አገናኙት፤ ስልኩን ለመግዛት ስንት ወር እንዳጠራቀመች ከአፏ ይስማ፤ መጥፋቱንም ራሱ ይንገራት።

ድርሻው ስንት ይሁን ለሚለው አንድ ልክ የለኝም። ሩብም ሊሆን ይችላል፣ ሲሶም፤ ዋናው የሚያልቅበት ቀን መታወቁ ነው። አንድ አባት ልጃቸው የሰበረውን ላፕቶፕ ሙሉ ዋጋ ከኪስ ገንዘቡ በየሳምንቱ ሊቆርጡ ወስነው ነበር። ልጁ በሒሳብ ጎበዝ ነውና ዕዳው ዩኒቨርሲቲ ገብቶም እንደማያልቅ አስልቶ አገኘው፤ ከዚያ ወዲያ የላፕቶፑን ነገር እርግፍ አድርጎ ተወው። እስከ ገና ወይም እስከ ፋሲካ የሚያልቅ ዕዳ ግን ልጅ ይከፍለዋል፤ ከፍሎም ሲጨርስ ደስ ይለዋል። አደራ የምላችሁ ግን ከምሳ ገንዘቡ አትቁረጡ። ከሰዓት በኋላ በስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ የሚተኙትን ልጆች እኛ ነን የምናያቸው።

የሌላ ሰው ዕቃ ሲሆን ነገሩ የበለጠ ይጠነክራል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2124 መሠረት አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ለሚያደርሰው ጉዳት አባት ተጠያቂ ነው። ስለዚህ የጓደኛውን ስልክ የሰበረ ልጅ ጉዳይ ሁለቱ ወላጆች በተገኙበት በቢሮዬ ቢያልቅ ለሁሉም ይቀላል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ዕቃው በግድየለሽነት ለጠፋበት ልጅ ነው። በዚህ ዕድሜ አርቆ ለማሰብና ራስን ለመግዛት የሚያገለግለው የአንጎል የፊተኛ ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ እድገቱን እንደማይጨርስ ይታወቃል፤ ይህ መርሳቱን ያስረዳል፣ ከድርሻው ግን ነፃ አያወጣውም። ቀድሞ ጠንቃቃ የነበረ ልጅ ድንገት ዕቃ መጣል ሲጀምር ግን ከቅጣቱ በፊት ሌላ ነገር መጠርጠር ያስፈልጋል። ከወራት በፊት መነጽሯን ሦስት ጊዜ «የጣለች» ተማሪ ነበረችን። እናቷ ሁለት ጊዜ ተበድረው ተክተውላታል፤ በሦስተኛው አምርረው ቀጧት። በኋላ የሆም ሩም መምህርቷ ቦርሳዋን አብረው ሲያስተካክሉ ሦስቱም መነጽሮች ከገበሩ ሥር በካልሲ ተጠቅልለው ተገኙ። ክፍል ውስጥ አንድ የማልጽፈው ቅጽል ስም አውጥተውላት ኖሯል። ያ ጥፋት የእኛ የትምህርት ቤቱ ነበር፤ የተቀጣችው ግን እርሷ ናት። ሹራቡን በጉልበተኛ የሚቀማ፣ ስልኩን መንገድ ላይ የተነጠቀ፣ ወይም ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ ጠዋት ራሱን የማያውቅ ልጅም «ጠፋብኝ» ብሎ ነው የሚመጣው። እንዲህ ያለ ነገር ከጠረጠራችሁ ገዝታችሁ ከመተካታችሁ በፊት ለሆም ሩም መምህሩ ወይም ለእኔ ብትነግሩን እንመረምራለን።

ቁም ሣጥኑ ቅዳሜ ኅዳር 20 ቀን ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡00 ሰዓት ክፍት ይሆናል። እስከ ታኅሣሥ 4 ቀን ባለቤት ያልመጣላቸው ሹራቦች በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት በኩል ለሚያስፈልጋቸው ተማሪዎች ይሰጣሉ። ዕቃውን የሚረከበው ምልክቱን የሚያስረዳው ተማሪ ራሱ ስለሆነ፣ ወላጅ ብቻውን ቢመጣ የማናስረክብ መሆናችንን በትሕትና እንገልጻለን። የስኒከሩ ባለቤት ግን ሁለተኛውን እግር ይዞ እንዲመጣ ንገሩልን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር